ጀልባ እየጎተታችሁ ዳገትና ቁልቁለት፦ ቫኑ በስንተኛ ማርሽ ይሂድ?

ኮሎራዶ ውስጥ፣ ዴንቨርና አውሮራ፣ ቫን ያላቸው አበሻ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። አንዳንዱ ለሥራ፣ አንዳንዱ ለልጆች ብሎ የገዛው ነው። ሰመር ሲመጣ ታዲያ ከኋላው ጀልባ አስሮ ወደ ዲለን ሐይቅ መውጣት የሚያምረው ሰው አለ። መንገዱ በካርታ ሲታይ ቀላል ነው። አይ-70 አውራ ጎዳናን ይዞ ወደ ምዕራብ 110 ኪሎ ሜትር ያህል መንዳት ብቻ ነው። ነገር ግን ከ1,600 ሜትር ከፍታ ተነስታችሁ አይዘንሃወር ዋሻ ስትደርሱ 3,400 ሜትር ላይ ናችሁ። ከዚያ ሐይቁ ድረስ ወደ 2,750 ሜትር ትወርዳላችሁ። ማታ ደግሞ ያንኑ ሁሉ በተቃራኒው ትደግሙታላችሁ።

በዚህ መንገድ ላይ ፍሬን የሚግለውና ካምቢዮ የሚጎዳው በአብዛኛው ሹፌሩ ማርሹን ዲ ላይ አስገብቶ ስለሚረሳው ነው። ብዙዎቻችን አገር ቤት መንዳት የተማርነው በማኑዋል ነው። ዳገት ሲመጣ ማርሽ መቀነስ፣ ቁልቁለት ሲመጣ በማርሽ መያዝ ያኔ እንደ መተንፈስ ነበር። አሜሪካ መጥተን አውቶማቲክ ስንይዝ ግን ነገሩን ለመኪናው ተውነው። ለከተማ መንዳት ችግር የለውም። ከኋላ ከአንድ ቶን በላይ ጀልባ ሲኖር ግን ማርሹን መምረጥ ያለበት ሹፌሩ ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮ አሁን የሚሆነውን እንጂ ከፊት የሚመጣውን ቁልቁለት አያይም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በአንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፤ ማርሽ የሚመረጠው ዳገቱ ወይም ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው።

1. ክብደቱን እወቁ

ከማርሽ በፊት ይሄ ይቅደም። ክብደቱ ከቫኑ አቅም በላይ ከሆነ የትኛውም ማርሽ አያድናችሁም። ቶዮታ ሲየናና ሆንዳ ኦዲሲ እስከ 3,500 ፓውንድ፣ ማለትም 1,588 ኪሎ ያህል ይጎትታሉ። ክራይስለር ፓሲፊካ ለመጎተት ተብሎ ከፋብሪካ ከተዘጋጀ 3,600 ፓውንድ ይደርሳል። ቻርጅ የሚደረገው የፓሲፊካ ሃይብሪድ ግን እንዲጎትት አልተፈቀደለትም። ፎርድ ትራንዚት ከእነዚህ ሁሉ ይበልጣል፤ ነገር ግን እንደ ሞተሩና እንደ ዲፈረንሻሉ ይለያያል። ቁጥሩ በሞዴልና በዓመት ስለሚቀያየር የራሳችሁን መኪና መጽሐፍ ክፈቱ።

ጀልባ የሚሸጥ ሰው የሚነግራችሁ ብዙ ጊዜ የጀልባውን ክብደት ብቻ ነው። ሞተሩ፣ ተሳቢው፣ ባትሪው፣ መልህቁ፣ በረዶ የሞላው ሳጥን ሁሉ ይደመራል። አንድ ጋሎን ቤንዚን 6 ፓውንድ ያህል ይመዝናል። አንድ ጋሎን ውሃ ከ8 ፓውንድ ይበልጣል። የዓሣ መያዣውን ውሃ ሳያፈሱ መንገድ መውጣት ከንቱ ጭነት ነው። ቫኑ ውስጥ የተቀመጡ 7 ሰዎችም ጭነት ናቸው። መገመት ካልፈለጋችሁ ትልልቅ የጭነት መኪናዎች በሚያርፉበት ነዳጅ ማደያ ሚዛን አለ። ትራክ የሚነዳ ዘመድ ወይም ጓደኛ ካላችሁ ጠይቁት፣ የት እንዳለ ያሳያችኋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት 10 በመቶ ያህሉ በቫኑ መጎተቻ ኳስ ላይ ማረፍ አለበት። ከዚያ በጣም ካነሰ ተሳቢው ቁልቁለት ላይ ይንገዳገዳል። በጣም ከበዛ የቫኑ አፍንጫ ቀና ይልና የፊት ጎማዎች መሬት መያዝ ያቅታቸዋል።

2. የራሳችሁን ካምቢዮ ባዶ ሜዳ ላይ ተማሩት

ጀልባውን ሳታስሩ አንድ ሰፊ ፓርኪንግ ወይም ጸጥ ያለ መንገድ ሂዱ። ከዲ ቀጥሎ ያለው ፊደል ምን እንደሆነ ተመልከቱ። አንዳንዱ ኤስ፣ አንዳንዱ ኤም፣ አንዳንዱ ኤል ይለዋል። የመደመርና የመቀነስ ምልክት ካለ ማርሹን በእጃችሁ ከፍ ዝቅ ማድረግ ትችላላችሁ። በብዙ መኪናዎች ላይ ኤስ አስገብታችሁ 4 ሲያሳይ “ከ4ኛ በላይ አትሂድ” ማለት ነው፤ ወደ ታች ግን ራሱ ሊቀንስ ይችላል። በሌሎች ላይ 4 ማለት በትክክል 4ኛ ብቻ ነው። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ዳገት ላይ ሆናችሁ ለማወቅ አትሞክሩ።

ቶው-ሆል የሚል ቁልፍ ካለ ለዚህ ጉዞ የተሠራ ነውና ተጫኑት። ካምቢዮው ቶሎ ማርሽ እንዳይጨምር ያደርገዋል፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትነኩም ራሱ ማርሽ ይቀንሳል። ጥሩ ረዳት ነው። ግን ረዳት ነው፤ ዋናው ሥራ የእናንተ ነው።

ከ2021 ሞዴል ወዲህ ያሉት ሲየናዎች ሁሉም ሃይብሪድ ናቸው። እንደ ተለመደው አውቶማቲክ የተደረደሩ ማርሾች የሏቸውም። ቢሆንም ኤስ ላይ አስገብታችሁ ቁጥሩን ስትቀንሱ የሚይዘው ኃይል ይጨምራል። ቁልቁለት ላይ መጀመሪያ ባትሪውን እየሞላ ይይዛል። ባትሪው ሲሞላ ደግሞ ሞተሩን ያለ ነዳጅ እያሽከረከረ ይይዛል። ያኔ ሞተሩ በድንገት ሲጮህ እንዳትደነግጡ፣ ሥራውን እየሠራ ነው።

3. የማርሹን ቁጥር ሳይሆን ዙሩን እዩ

“ዳገት በስንተኛ ልውጣ?” ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቁጥር ይፈልጋል። ቁጥር ብቻውን ግን ያሳስታል። ከ2011 እስከ 2016 ያለው ሲየና 6 ማርሽ አለው። አዲሱ ኦዲሲ 10 አለው። ፓሲፊካ 9 አለው። በ6 ማርሽ መኪና 4ኛ መካከለኛ ማርሽ ነው፤ በ10 ማርሽ መኪና 4ኛ በጣም ከባድ ማርሽ ነው። ስለዚህ ዓይናችሁ ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ከሚያሳየው ዙር ቆጣሪ ላይ አይራቅ።

የቤንዚን ቪ-6 ሞተር ላለው ቫን እኔ የምሄድበት ልክ እንዲህ ነው። ሜዳ ላይ ስትጎትቱ ከ2,000 እስከ 2,500 ዙር ይበቃል። ዳገት ላይ ከ3,000 እስከ 4,500 መሆኑ ጤናማ ነው። ቁልቁለት ላይ ስትይዙትም እንደዚያው፤ ለአጭር ጊዜ ከዚያ ትንሽ ቢያልፍ ችግር የለውም፣ ቀዩ መስመር እስካልደረሰ ድረስ። ናፍጣ ሞተር ዙሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ የራሱን ቀይ መስመር አይታችሁ በዚያው ልክ ቀንሱ።

የሞተር ጩኸት የሚያስፈራው ሰው ብዙ ነው። “መኪናዬን ልገድለው ነው” ብሎ ማርሽ ይጨምራል። እውነቱ ተቃራኒው ነው። ሞተሩ 1,500 ዙር ላይ ሆኖ ከባድ ጭነት ሲጎትት ነው የሚጨነቀው። ዘይትና ውሃ የሚያዞሩት ፓምፖች በቀስታ ይዞራሉ፤ እናንተ ደግሞ ነዳጅ ትጨምራላችሁ። 3,500 ላይ እየጮኸ ሲወጣ ግን ይተነፍሳል።

4. ዳገቱ

ሞሪሰን መውጫ ጋ ስትደርሱ ዳገቱ ከፊታችሁ ቆሞ ይታያል። ቶው-ሆሉን እዚያ ሜዳው ላይ ተጫኑ፤ ወይም ኤስ አስገብታችሁ ከፍተኛዎቹን ማርሾች አውጡ። በ6 ማርሽ ቫን ከ4ኛ በላይ አይፈልግም።

ይሄን ካላደረጋችሁ ምን ይሆናል? ካምቢዮው ከ5ኛ ወደ 4ኛ፣ ከ4ኛ ወደ 5ኛ እያለ ይዋልላል። በቀየረ ቁጥር ውስጡ ያሉት ዲስኮች ይፋተጋሉ፣ ዘይቱም ይግላል። ለአውቶማቲክ ካምቢዮ ከሙቀት የከፋ ጠላት የለውም። የካምቢዮ ዘይት በጤናው ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። 120ን ካለፈ ዕድሜው በፍጥነት ያጥራል። ማርሹን ከቆለፋችሁት ግን መዋለሉ ያቆማል። ይሄ ብቻ የካምቢዮውን ዕድሜ በዓመታት ሊያራዝም የሚችል ልማድ ነው።

ከፍታውንም አትርሱ። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ጫማው 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ዋሻው 11,000 ጫማ ላይ ስለሆነ ከጉልበቱ አንድ ሦስተኛው ሄዷል ማለት ነው። ፋብሪካው 300 ፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር እዚያ ላይ 200 ያህል ነው። ስለዚህ በ65 ማይል ካልወጣሁ ብላችሁ ፔዳሉን ወለል ድረስ አትርገጡ። ቀኝ መስመር ያዙ። በ45 ወይም በ50 ማይል መውጣት ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም።

መቼ ማርሽ ልቀንስ ለሚለው ቀላል መለኪያ አለ። የነዳጅ ፔዳሉን ከሦስት አራተኛ በላይ ረግጣችሁ ፍጥነቱ እየወረደ ከሄደ አንድ ማርሽ ቀንሱ። ቀንሳችሁም ዙሩ ከ5,000 በላይ ከሆነ ነዳጁን ላላ አድርጋችሁ ፍጥነቱን ራሱን ቀንሱ። ሁለት ማርሽ በአንድ ጊዜ አትቀንሱ።

ፍሎይድ ሂል ላይ መንገዱ ድንገት ወደ ታች ይወርዳል፤ ሥሩ ላይም ኩርባ አለ። ከአናቱ ላይ ሆናችሁ አንድ ማርሽ ቀንሱ። ሊወጡ ተነስተው ቁልቁለት ይኖራል ብለው ያላሰቡ ሰዎች ፍሬናቸውን የሚያግሉት እዚህ ነው። ጆርጅታውን ደግሞ ጥሩ ማረፊያ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ዋሻው ያለው ዳገት ሞተሩን የሚፈትን ስለሆነ የሙቀት መለኪያውን እያያችሁ ውጡ። መርፌው ከመሃል ከፍ ካለ ኤሲውን አጥፉ፤ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱ። ለተሳፋሪው አይመችም፣ ግን ከሞተሩ ሙቀት ይወስዳል። ካልወረደ ሰፊና አስተማማኝ ቦታ ቁሙ። ሞተሩን ወዲያው አታጥፉ፤ ፎሌ ላይ ሆኖ እየዞረ ይቀዝቅዝ። የራዲያተሩን ክዳን ግን በፍጹም አትንኩ።

5. ቁልቁለቱ

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። የዚህ ሁሉ ጽሑፍ ልብ ይሄ ነው።

ወደ ምዕራብ የምታልፉበት የአይዘንሃወር ዋሻ በ1973 የተከፈተው ነው። ለመልሱ የምትጠቀሙበት የጆንሰን ዋሻ በ1979 ተጨመረ። ርዝመቱ 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ወደ ምዕራብ ስትሄዱ ውስጡም በትንሹ ዳገት ነው። ከማዶ ስትወጡ ግን ቁልቁለቱ ወዲያው ይጀምርና እስከ ሲልቨርቶርን ከተማ 13 ኪሎ ሜትር ያህል አይለቃችሁም። ስለዚህ ማርሹን ዋሻው ውስጥ እያላችሁ ቀንሱ። ከመውጫው በፊት ፍጥነታችሁ 45 ማይል፣ ዙሩ 3,500 አካባቢ ይሁን። በ6 ማርሽ ቫን ብዙ ጊዜ 3ኛ ይሆናል።

ለምን ይሄን ያህል? ሒሳቡን እንየው። ቫኑ፣ ተሳፋሪውና ጀልባው አብረው 4,000 ኪሎ ቢሆኑ፣ በ6 በመቶ ቁልቁለት ላይ ወደ ፊት የሚገፋችሁ ኃይል 240 ኪሎ ያህል ነው። በ50 ማይል ፍጥነት ያን ግፊት መያዝ 52 ኪሎዋት ይሆናል። አገር ቤት ያለ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል፤ ወደ 15 ምጣድ ባንዴ እንደ መለኮስ ነው። ከፊሉን ነፋሱና ጎማው ይወስዱታል። የቀረውን ወይ ሞተሩ ይይዘዋል፣ ወይ ፍሬናችሁ ይቃጠልበታል።

ፍሬን ሲግል መጀመሪያ ሽታ ይመጣል። ቀጥሎ ፔዳሉን በረገጣችሁ መጠን የሚይዘው እያነሰ ይሄዳል። የፍሬን ዘይቱ ከፈላ ደግሞ ፔዳሉ ዝም ብሎ ወደ ወለሉ ይሰምጣል። ከዚህ በኋላ ማርሽ መቀነስ ያስቸግራል፣ ፍጥነቱ ዙሩን ከቀዩ መስመር በላይ ስለሚወስደው ካምቢዮው እምቢ ይላል። ትልቅ የጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የተማራችሁ ይሄን ታውቁታላችሁ። መጽሐፉ በግልጽ እንደሚለው ትክክለኛው ማርሽ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ይግባ፤ ከጀመረ በኋላ ይረፍዳል።

ማርሹ ገብቶም ፍሬን ያስፈልጋል፤ አጠቃቀሙ ግን ልዩ ነው። እግርን በስሱ አስቀምጦ 13 ኪሎ ሜትር መውረድ ፍሬኑን ያግለዋል። ይልቅ ፍጥነቱ 50 ሲደርስ ጠንከር አድርጋችሁ ያዙና ወደ 45 አውርዱት። ሦስት ሰከንድ ያህል ነው የሚፈጀው። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ልቀቁ። ፍሬኑ በመሃሉ ነፋስ ያገኛል። እንደገና 50 ሲደርስ ድገሙት። ፍሬን የምትይዙት በየጥቂት ሰከንዱ ከሆነ ማርሹ ከፍ ብሏል ማለት ነውና ፍጥነቱን 40 አድርሳችሁ አንድ ማርሽ ቀንሱ። ደንቡ ይሄ ነው፦ በፍሬን ፍጥነቱን አውርዱ፣ በማርሽ ያዙት።

ፎሌ አድርጎ መልቀቅን በተመለከተ አንድ ነገር በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ። “ነዳጅ ይቆጥባል” የሚለው ወሬ አገር ቤት ብዙ ሹፌር ጋ አለ፤ እዚህም ይዘውት የመጡ አሉ። በዘመናዊ ሞተር ላይ ስህተት ነው። ማርሽ ገብቶ እግራችሁን ከነዳጁ ስታነሱ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ይዘጋዋል፤ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው። ፎሌ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ማቃጠል አለበት። ስለዚህ ፎሌ ነዳጅም ይፈጃል፣ መኪናውንም ያለ ልጓም ይለቀዋል። ጀልባ ከኋላ እያለ ፎሌ መውረድ በሰው ሕይወት መቀለድ ነው።

የተሳቢው ፍሬን ራሱን የቻለ ነገር ነው። አብዛኞቹ የጀልባ ተሳቢዎች ውሃ ስለሚነካቸው የኤሌክትሪክ ፍሬን የላቸውም። ቫኑ ሲቀንስ ተሳቢው ወደ ፊት ሲገፋ፣ ግፊቱ ራሱ የተሳቢውን ፍሬን እንዲይዝ ያደርገዋል። ታዲያ በማርሽ ስትወርዱም ተሳቢው እየገፋ ስለሆነ ፍሬኑ በስሱ ሊይዝ ይችላል። ቫኑ ውስጥ ሆናችሁ ምንም ሳይሰማችሁ የተሳቢው ጎማ ሊግል ይችላል ማለት ነው። ያው መፍትሔው ዝግታ ነው። ሲልቨርቶርን ስትደርሱ ቁሙና እጃችሁን ወደ ተሳቢው ጎማ መሃል አስጠጉ፣ አትንኩት። ሙቀቱ ከሩቅ ፊታችሁን ከነካ በፍጥነት ወርዳችኋል።

ተሳቢው መንገዳገድ ከጀመረ ፍሬን አትርገጡ። በድንገት ማርሽም አትቀንሱ። መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፤ እግራችሁን ከነዳጁ ቀስ ብላችሁ አንሱ። ሲረጋጋ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙና ጭነቱን ወደ ፊት አሸጋሽጉ።

ፍሬኑ ጨርሶ እምቢ ካለስ? ከዋሻው በታች ባለው ቁልቁለት ፍሬን ለከዳው መኪና የተሠሩ ሁለት የጠጠር መወጣጫዎች አሉ። ለትልልቅ መኪና ብቻ አይደሉም። መኪናው ይጎዳል፣ እናንተ ትተርፋላችሁ። ማመንታት አያስፈልግም።

6. ጀልባውን ውሃ ላይ ስታወርዱ

ዲለን ደርሳችሁ ወዲያው ወደ ውሃው አትሩጡ። ከቁልቁለቱ የመጣው ሙቀት አሁንም በተሳቢው ኩሽኔታ ውስጥ አለ። የጋለ ኩሽኔታ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። ግሪሱ ይበላሻል፤ ኩሽኔታው ደግሞ በሌላ ጉዞ፣ መሃል መንገድ ላይ ይሰበራል። ሃያ ደቂቃ ወይም ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ያን ጊዜ ጀልባውን ለማዘጋጀትና በኮሎራዶ ሕግ ለሚደረገው የጀልባ ፍተሻ ተጠቀሙበት።

ጀልባውን ወደ ውሃው ለማስገባት ወደ ኋላ ስትሄዱ አር አስገብታችሁ ነዳጅ ሳትነኩ፣ በፍሬን ብቻ እየያዛችሁ ውረዱ። የተሳቢው ፍሬን በግፊት የሚሠራ ከሆነ ወደ ኋላ ስትገፉት “ፍሬን ተያዘ” ብሎ ሊቆልፍ ይችላል። ብዙዎቹ ላይ የአር መብራት ሲበራ ይሄን የሚከለክል የኤሌክትሪክ መዝጊያ አለ። የተሳቢውን የመብራት ገመድ ቀድማችሁ ከነቀላችሁት አይሠራም። ሜዳ ላይ ወይም ዳገት ወደ ኋላ ስትገፉ ተሳቢው አልሄድ ካለ መጀመሪያ ይሄን ገመድ እዩ፣ ነዳጅ አትጨምሩ።

ስትቆሙ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። እግራችሁ ፍሬን ላይ እያለ ኤን አስገቡ። የእጅ ፍሬኑን ሳቡ። እግራችሁን ቀስ ብላችሁ አንሱና ክብደቱ በእጅ ፍሬኑ ላይ ይረፍ። ከዚያ እንደገና ፍሬን ይዛችሁ ፒ አስገቡ። መጀመሪያ ፒ ካስገባችሁ ያ ሁሉ ክብደት የሚያርፈው ካምቢዮው ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ የብረት ጥርስ ላይ ነው። ሌላ ሰው ደግሞ ከጎማው ሥር ታኮ ያድርግ። ታኮ ዋጋው ትንሽ ነው፤ የሚያድነው ቫን ነው።

ጀልባውን ጭናችሁ ስትወጡ ዲ ላይ አትተዉት። ኤል ወይም 1ኛ አስገቡ። መወጣጫው እርጥብ ነው፤ አልጌም ሊኖረው ይችላል። ሲየናም ኦዲሲም ፓሲፊካም ባብዛኛው በፊት ጎማ የሚነዱ ናቸው። ጀልባው የኋላውን ሲጫነው የፊቱ ይቀላል፣ ጎማውም ባዶውን ይዞራል። መፍትሔው ነዳጅ መጨመር አይደለም። ነዳጁን በጣም ቀስ ብላችሁ ስጡ፤ መሪውን ቀጥ አድርጉ። የተጠማዘዘ ጎማ መሬት አይይዝም። አሁንም ከዞረ ሁለት ሰው ከፊት ወንበር ላይ ይቀመጥ። በ1ኛ ማርሽ የኋለኛው ጎማ ከውሃው እስኪወጣ ድረስ በአንድ ፍጥነት ሂዱ፣ መሃል ላይ አትቁሙ።

7. ማኑዋል ቫን ላላችሁ

አውሮፓ ያላችሁና አገር ቤት ሃይሉክስ ወይም ሚኒባስ የምትነዱ ከላይ ያለው ሁሉ ይሠራላችኋል። ፍሪሲዮኑ ብቻ ነው የሚጨመረው። ዳገት ላይ ስትነሱ በእጅ ፍሬን ተነሱ እንጂ ግማሽ ፍሪሲዮን ይዛችሁ አትንጠልጠሉ፤ ከጀልባ ጋር ፍሪሲዮኑ በአንድ ቀን ሊቃጠል ይችላል። ጭሱን ስታሸቱት አልፏል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍሪሲዮን ረግጦ መውረድ ከፎሌ እኩል ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወርድ ሰው አባይ በረሃን ያውቃል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ ከዚያ ወደ ደጀን ያንኑ ያህል ዳገት። ነባር ሹፌሮች “በወጣህበት ማርሽ ውረድ” ይላሉ። ለድሮ መኪና ትክክል ነው። የአሁኑ ሞተር ግን ጉልበቱ ስለጨመረ በ4ኛ የወጣውን በ4ኛ መያዝ ላይችል ይችላል። ከወጣችሁበት አንድ ዝቅ ብላችሁ ጀምሩ።

8. መልሱ

ብዙ ሰው ሲሄድ ይጠነቀቃል፣ ሲመለስ ይደክማል። ልጆች ተኝተዋል፣ ነገ ሥራ አለ። ከሲልቨርቶርን ወደ ዋሻው የሚወጣው ዳገት ልክ እንደ ጠዋቱ ነው፤ ማርሹን ከሥሩ ቆልፉ። ከዋሻው ወዲህ እስከ ጆርጅታውን ቁልቁለት ነው። ከሁሉ የሚያሳስበው ግን የመጨረሻው፣ ከጄነሲ ወደ ዴንቨር ሜዳ የሚወርደው ነው። ከተማው ከታች ይታያል፤ የደረሳችሁ ይመስላችኋል። በኤፕሪል 2019 ከዚህ ቁልቁለት ሥር ሌክዉድ ላይ ፍሬን የከዳው ትልቅ የጭነት መኪና ከፊቱ ቆመው በነበሩ መኪናዎች ላይ ወጥቶ 4 ሰዎች ሞተዋል። ጄነሲ ላይ፣ ከተማውን ስታዩ፣ እንደ ዋሻው ውስጥ ማርሹን ቀንሱ። በ45 ማይል ውረዱ፤ ከኋላ የሚያጣድፋችሁ ካለ በግራ ይለፍ።

ቤት ስትደርሱ የተሳቢውን ጎማዎች አንድ በአንድ እዩ። አንደኛው ከሌሎቹ በጣም ከጋለ ወይ ፍሬኑ አልለቀቀም ወይ ኩሽኔታው ታሟል። ለመካኒክ ካምቢዮ ዘይት ስታስቀይሩ “እጎትትበታለሁ” ብላችሁ ንገሩት። ለሚጎትት መኪና መቀየሪያው ጊዜ አጭር ነው፤ የመኪናችሁ መጽሐፍ ከባድ አጠቃቀም በሚለው ሥር ለብቻው ጽፎታል። ዘይቱ ቀይ ሳይሆን ቡናማ ሆኖ፣ የመቃጠል ሽታ ካለው ደግሞ መጽሐፉ የሚለውን ቀን አትጠብቁ።